ለሬጊዮኑ የተላኩ ሽማግሌዎች

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ በተሰደድንባት የአውሮፓ ከተማ በሰማያዊው መስመር ላይ የምድር ውስጥ ባቡር ሲነዱ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረላቸው ሥራ ሽምግልና ነበር። ከቴንስታ ሰፈር እስከ ሁስቢ ሰፈር ተጣልተው የታረቁ ባልና ሚስቶች፣ ግድግዳ አልፎ በሚሰማ ድምፅ የተካሰሱ ጎረቤቶች፣ በማኅበር ሊቀመንበርነት የተኳረፉ ወዳጆች ያውቋቸዋል። ሥርዓታቸው አይዛነፍም። ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። የመጡበትን ሳይናገሩ አይቀመጡም። የተለመነው ሰው «ሰምቻለሁ፣ ለእኔ ተዉት» ካለ አመስግነው ይወጣሉ፤ መልሱ እስኪመጣም የሌላ ሰው ደጅ አይረግጡም። ሁለተኛ ደጅ ማንኳኳት የመጀመሪያውን ሰው መስደብ ነው ይሉ ነበር። በዚህ ሕግ ብዙ ቤት ከመፍረስ አድነዋል፤ ስለዚህም ሕጉ የማይሠራበት ቦታ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት መኸር ላይ፣ አካላ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ትንሽ የጤና ጣቢያ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የቁስል ማከሚያ ክፍሉ ራቅ ካለ ትልቅ ጣቢያ ጋር እንዲዋሐድ ሐሳብ ቀርቧል፤ አስተያየት ያለው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ በጽሑፍ ያስገባ ይላል። የጋሼ ባለቤት እትዬ ትርሓስ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ግራ ተረከዛቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረባቸው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤታቸው አምስት ደቂቃ በእግር እየሄዱ ያስጠርጉትና ያስጠቀልሉት ነበር። ነርሷ ዲቦራ፣ አማርኛዋ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚሸት የወንጌላውያን ልጅ፣ «እትዬ፣ ይህን ቁስል ሁለት ሳምንት ቢዘነጉት እግርዎን ይዞ ይሄዳል» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች።

ጋሼ ወረቀቱን አንብበው ወደ እኔ መጡ። የመንግሥት አስተዳደር እማራለሁ፤ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፤ ቤተሰቡም ማኅተም ያለበትን ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። በዚያ ሳምንት ስለ ሃንጋሪ አውራጃዎች አስተዳደር የምጽፈውን ጥናት እያገባደድኩ ነበር። እትዬ ትርሓስም አብረዋቸው መጥተው ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነበር።

«ይህ ክፍል የማን ነው፣ ሀሴት? የኮሙኑ ነው የሬጊዮኑ?»

«የክልሉ አስተዳደር፣ የሬጊዮኑ ነው፣ ጋሼ። ትምህርት ቤትና የአረጋውያን እንክብካቤ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የኮሙኑ፤ ሕክምናና ባቡር የሬጊዮኑ።»

«ባቡሩም? ሃያ ስድስት ዓመት የነዳሁት የእሱን ነው በይኛ። እንግዲያ ባዳ አይደለም።» ሳቁና ወደ ጠረጴዛዬ አዩ። «አንቺስ ምን ትጽፊያለሽ?»

«ስለ ሃንጋሪ ነው። አሥራ ዘጠኝ አውራጃ አላት። እያንዳንዱ አውራጃ ሕዝቡ በየአምስት ዓመቱ የሚመርጠው ጉባኤ አለው፤ ጉባኤው ከአባላቱ መካከል ፕሬዚዳንት ይሰይማል። ነገር ግን ሆስፒታሎቹ ከአውራጃዎቹ እጅ ወጥተው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከሄዱ ቆይተዋል፤ ለጉባኤው የቀረለት በአመዛኙ የልማት ዕቅድ ነው። በዚያው አውራጃ መንግሥት የሾመው እንደራሴ ሌላ ቢሮ አለው፤ ፈቃዱም ማኅተሙም በብዛት እዚያ ነው።»

«አንድ አውራጃ፣ ሁለት ወንበር» አሉ። «አቤት የሚል ሰው ወደ የትኛው ይሄዳል?»

«ወደ ተሾመው። የተመረጠው ቢሰማውም እጁ ላይ ብዙ ነገር የለም።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ወደ ተመረጠው።»

ያልኩት ስሕተት አልነበረም፤ ግን ፈተና ላይ ብጽፈው ግማሽ ነጥብ እንኳ አላገኝበትም ነበር። የተመረጡት በአብላጫና በተቃዋሚ የተከፈሉ መሆናቸውን፣ የሚወስነው አንድ ሰው ሳይሆን ኮሚቴ መሆኑን፣ ኮሚቴው የሚመዝነውም በጽሑፍ ገብቶ ቁጥር የተሰጠውን አስተያየት መሆኑን አልነገርኳቸውም። ጥናቴ በማግስቱ መግባት ነበረበት። ጋሼ መርቀውኝ ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሽምግልና ጓደኞቻቸውን አቶ ገመዳንና አቶ ወልደማርያምን አስከትለው ወደ አንዲት የሬጊዮኑ ምክር ቤት አባል ሄዱ። ከአባላቱ ሁሉ ወደ እሷ መሄድን የመረጡት የእንቁጣጣሽ ዕለት ሁስቢ አዳራሽ መጥታ አብራቸው ስለበላች ነው። በሩ ላይ ተቀበለቻቸው፤ ሻይ አቀረበች፤ የሚሉትን ሁሉ እየጻፈች ሰማች፤ በስብሰባ እንደምታነሳውም ነገረቻቸው። እነሱም ተነሥተው እጅ ነሡ። የተቃዋሚው ወገን መሆኗን፣ ሕክምናን በሚመለከተው ኮሚቴም ውስጥ ድምፅ እንደሌላት አላወቁም። ደብቃባቸው አይደለም፤ አልጠየቋትም። ሽማግሌ የቤቱን ባለቤት «አንተ ነህ ወይ ባለቤቱ?» ብሎ አይጠይቅም።

በዚሁ ጊዜ ዲቦራ ከሥራ ሰዓት ውጭ በየቤቱ እየዞረች ከሁለት መቶ በላይ ፊርማ ሰበሰበች። ሰዉ የፈረመው «ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ የያዙት ጉዳይ» ተብሎ ነውና ያለ እሳቸው ፈቃድ ማስገባት አልቻለችም። የተነጋገሩትን በኋላ እሷው ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ አስተያየት መቀበያው አርብ ይዘጋል። ነገ ላስገባው?»

«አታስገቢም። ሰው ጉዳያችንን በእጁ ይዞ ሳለ በራሱ ላይ ወረቀት አንጭንበትም።»

«እዚህ አገር የሚቆጠረው የጻፈ ነው።»

አቶ ገመዳ ጣልቃ ገቡ። «ዲቦራ፣ መርፌሽን ለበሽተኛ አድርጊው። ሽማግሌ አይወጋም።»

«አይወጋማ፣ ጋሽ ገመዳ። ቆዳው ወፍሯል» አለች።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ። አርብ መጣ፣ ሄደ። ፊርማው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እኔ ይህን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ እሑድ ነው። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ለኮሚቴው የተዘጋጀውን ሰነድ አገኘሁት፤ ከነዋሪዎች የገባው አስተያየት አራት ብቻ መሆኑን፣ ውህደቱም በአካባቢው ጉልህ ተቃውሞ እንዳልገጠመው ይገልጻል። ጋሼና እትዬ እቤቴ ሲመጡ በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የተመረጠው ዘንድ ሂዱ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። የቀረውን ግን አልጠየቁኝም።»

እትዬ ትርሓስ ከሶፋው ላይ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ጠይቆሻል፣ ልጄ» አሉ። «እኔ እዚሁ ነበርኩ። ዓይንሽ ወረቀትሽ ላይ ነበር።»

ጥናቴ ከፍተኛውን ውጤት አግኝቷል፤ መምህሬ ጥንቃቄውን አመስግነው ጽፈውበታል።

ዲሴምበር ላይ ኮሚቴው ክፍሉ እንዲዋሐድ ወሰነ። ሴትዮዋ ቃሏን ጠብቃለች፤ በወገኗ ስብሰባ አንሥታዋለች፣ ወገኗም የልዩነት ሐሳቡን በቃለ ጉባኤው አስመዝግቧል። ማርች ላይ ክፍሉ ተዘጋ፤ ዲቦራም ሌላ ቦታ ተመደበች። አዲሱ ጣቢያ ለመድረስ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገት አለ። እትዬ ትርሓስ የመጀመሪያውን ወር ሄዱ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን ሆነ። ለጋሼ «ዛሬ ብዙም አላመመኝም» ይሉ ነበር፤ ተረከዛቸው ስሜት አጥቶ እንደነበር ያወቅነው ቆይተን ነው። ሜይ ላይ እግሩ ጠቆረ። ጁን ላይ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

አንድ ቅዳሜ፣ እትዬ ከሆስፒታል በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለት ሰዎች ከቴንስታ መጡ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ወንድማቸው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጥቷል፤ ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሴቲቱ ከጋሽ ብርሃነ ሥላሴ በቀር የማንንም ቃል አልሰማም ብላለች። ሰዎቹ ይህን ቆመው ተናገሩ።

«ሌላ ፈልጉ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው ያለችው።»

«የሰው ቃል አክብሬ ስጠብቅ የሚስቴን እግር አስበላሁ። ምን አፍ አለኝ?»

እትዬ ትርሓስ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። «ሂድ፣ ብርሃኔ። የእኔ እግር የሄደው ሄዷል። እነዚያ ልጆች ምን አደረጉ?»

ጋሼ ወደ እሳቸው አላዩም። ሰዎቹ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። ሴቲቱ በኦገስት ለፍርድ ቤት የፍቺ ማመልከቻ አስገባች፤ ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ።