ለቅሶ ቤት ያገኘሁት መጽሐፍ

ጥሩ መጽሐፍ ጠፋ የሚባለው ውሸት ነው። ሞልቷል፤ ተቆልፎበት ነው እንጂ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ የገባሁባቸውን ሳሎኖች አስታውሳለሁ፤ ቡፌው ውስጥ፣ ለእንግዳ እንኳ በማይወጡት ብርጭቆዎችና በሰርጉ ፎቶ መካከል፣ ሦስት አራት መጽሐፍ ቆሟል። ቁልፉ እመቤቲቱ ጋ ነው።

አዳማ ውስጥ ስድስት ሆነን በወር አንድ ቅዳሜ የምንገናኝበት የንባብ ክበብ አለን። ሦስት ወር ሙሉ ያመጣናቸው መጻሕፍት እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምሩ፣ ደራሲዎቻቸውን ግን ሀብታም ያላደረጉ ነበሩ። ማንም አልተከራከረባቸውም።

ከመካከላችን ፋርማሲ የምትሠራው ሰለቻት። «ወይ የሚነበብ ነገር ይምጣ፣ ወይ በየወሩ ላንጋኖ ወርደን ዓሣ እንብላ» አለች።

አራት እጅ ለዓሣ ወጣ።

«አንተስ?»

«ዓሣ አልወድም።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ስንገናኝ መጽሐፍ ይዘህ ና። ካጣህ እሾሁን እንለቅምልሃለን።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያቺ ቅዳሜ ከቀረች በዚህ ከተማ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» የሚለኝ ሰው አላገኝም፤ እንዲህ የሚለው ያጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጃጃላል። መጽሐፍ ማግኘት ነበረብኝ።

በዚያው ወር ዓለም ጤና ከተማ ለቅሶ ሄድሁ። የሞተው ከዓመታት በፊት አዳማ ጎረቤቴ የነበረ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ዓይኔ ግን ቡፌው ላይ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሁለት ዓመት ፈልገን ያጣነው ልብ ወለድ ከነሽፋኑ ቆሟል። በደንብ ለማየት ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርሁ። ለቀስተኛው ኀዘኑ አላስቀምጥ ያለኝ መስሎት ውኃ አቀረበልኝ።

የሟቹ ልጅ ግን የማየውን አየ። ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መጽሐፉ የእርስዎ ነው እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሟች የሰው ዕቃ ይዞ እንዳይሄድ ቤተሰቡ «እጁ ላይ የቀረ ያላችሁ ንገሩን» ይላል። ያን ዕለት ጠዋት አንዱ መሰላሉን፣ ሌላው የመድኃኒት መርጫውን ወስዶ ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው «አይደለም» ማለት ብቻ ነው። ዝም አልሁ።

ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥሮ ቁልፉን ከእናቱ አመጣ። መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ሳይመልስልዎ ቀረ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉት።»

«ይቅር ብየዋለሁ» አልሁ። ምንም ያላጠፋ ሰው።

ሚኒባስ ውስጥ ገለጥሁት። ኅዳጉ በሙሉ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ የሟቹ እጅ ነው። አንድ ገጽ ላይ «ውሸት! ገበሬ እንዲህ አያወራም» ይላል። ሌላ ገጽ ላይ፣ «እዚህ ጋ አለቀስሁ። ደራሲው ግን አልቻለበትም።» ከዚህ ሰው ጋር በአጥር ላይ ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስናወራ ኖረናል። ሌላ ነገር ያውቃል ብዬ አልጠየቅሁትም።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ይዤ ተመለስሁ።

«እትዬ፣ የእኔ አይደለም። ዋሸሁ» አልኳት ሚስቱን።

«አውቃለሁ። የእሱ ጽሕፈት የሞላበትን መጽሐፍ ከአንተ የተዋሰው አስመስለህ ስትወስድ ለልጄ ሌባ ነው አልሁት።»

«እውነትዎን ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ልትል መጣህ?»

«አውሱኝ ልል።»

በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቅ መሆኑ የገባኝ ትከሻዋን ሳይ ነው። «አይ ዓይን አውጣ! አርባው ሳይወጣ?»

«ጊዜ የለኝም እትዬ። ካልሰጡኝ ዓሣ ሊያበሉኝ ነው» አልሁና የክበባችንን ነገር ነገርኋት።

መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለች። «ከዚህ ቤት አይወጣም። ከፈለጋችሁ እዚሁ መጥታችሁ አንብቡ። እሱ የጻፈውን ግን ጮክ ብላችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ሠላሳ ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ምን እያለ እንደሚያጉረመርም ሳላውቅ ነው የኖርሁት።»

ቅዳሜ ስድስታችንም ዓለም ጤና ወረድን። አንዱ ገጹን ያነባል፣ አንዱ እርሳሱን። ባለ ፋርማሲዋ ከሟቹ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጣላች።

«እዚህ ጋ እንኳ ተሳስተዋል!» ስትል ሚስቱ ከጥግ ሆና፣ «ንገሪው! እኔን አይሰማኝም ነበር» አለች።

«እዚህ ጋ አለቀስሁ» የሚለው የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ግን ሚስቱ «ድገሙልኝ» አለች። ደገምንላት።

መጽሐፉ ገና አላለቀም። በየወሩ እንወርዳለን፤ ስለ ዓሣ ያነሳም የለም። እኔ ግን የምፈልገው ተከራካሪ ያን ሁሉ ዓመት ከአጥሬ ማዶ መኖሩ፣ ያወቅሁትም ከቀብሩ በኋላ መሆኑ አሁንም ያናድደኛል። ስለዚህ አንተ፣ ይህን የምታነበው፣ ምን እያነበብህ እንደሆነ ዛሬውኑ ለጎረቤትህ ንገረው። ከዚያ ዝም በልና እሱ ምን እንደሚያነብ ጠይቀው።