ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመኝ ራስ

በ1960 ዓመተ ምሕረት ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ይህን የማወራው ደስ ብሎኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ከሺራ ትምህርት ቤት ስልክ ተደወለ። እናቷ ፋብሪካ ተረኛ ስለነበረች ስልኩን እኔ አነሳሁት። የደወለችው የተማሪዎችን ችግር የምትሰማዋ ሴት ናት፤ ዮዔጼት ይሏታል። «ሺራ ከበዓሉ ዕረፍት ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ አትቀምስም። በዕረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብታ ትቀመጣለች። ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ዱላዬን ይዤ ሄድኩ። የኔ ዕብራይስጥ እዚህ አገር መጥቼ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን የለቃቀምኩት ነው፤ ቢሆንም ሴትዮዋ ያለችው ገብቶኛል። ክፍላቸው አንዲት አዲስ ልጅ መጥታለች። ልጃገረዶቹ አልወደዷትም። ትሸታለች አሉ፣ በስልክ ይጻጻፉባታል፣ አጠገባቸው ስትቀመጥ ይነሳሉ። አሁን ልጅቱ ቤቷ ቀርታለች። ሺራ ግን አንድም ክፉ ቃል አልጻፈችም። በጎ ቃልም አልጻፈችም።

ከሺራ ጋር ስንመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከምድረ በዳው በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አፍ ያደርቃል።

«ምንም አላደረግኩም፣ ሳባ» አለችኝ። ሳባ ማለት በነሱ ቋንቋ አያት ነው።

«ሰምቻለሁ።»

«ብናገር በኔ ላይ ይዞሩብኝ ነበር።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ትምህርት ቤት ሳሉ ፈርተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ደግሞ ምን አስፈርቶኝ!» አልኳት። ዋሸሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። አገሩ ሁሉ በሱ ማረሻ ያርሳል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ፈላሻ ቡዳ» ይለዋል። ቡዳ ዐይኑ ያረፈበትን ሰው ይበላል ብለው ያምናሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሴት ሆዷን ሲቆርጣት አባቴን ከሥራው ጎትተው ወስደው «ትፋባት!» አሉት። የበላት ራሱ ከተፋባት ትድናለች ነው ነገሩ። ተፍቶባት ብትድን «አየህ፣ አንተ ነህ» ይሉታል፤ አልተፋም ቢል «ሊጨርሳት ነው» ብለው ይገድሉታል። መውጫ የለውም። አባቴ ተፋ። ሴትዮዋ ዳነች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ሙሉ ማጭድ ሊያስመታ ደጃችን የመጣ ሰው አልነበረም።

እኔን የመንደሩ አስተማሪ «ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው» ብሎ ለካቶሊኮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጻፈልኝ። አዳሪ ነው፤ ምግቡም አልጋውም እዚያው። ሁለት ቀን በእግሬ ሄድኩ፣ ግማሽ ቀን በጭነት መኪና፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። እስክደርስ ድረስ ዕንባዬ ይወርድ ነበር፤ ከበርበሬው ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ። አባቴ ሲሸኘኝ እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ሥጋቸውን አትብላ። በሰንበት እሳትም እንጨትም አትንካ። የማን ልጅ መሆንህንም አትናገር።» ይህ ሁሉ አንድ ላይ እንደማይጠበቅ አላሰበውም። ሥጋ የማይበላ፣ ቅዳሜ የማይሠራ ልጅ ሳይናገር ተናግሯል።

ለሥጋው መላ አገኘሁ። «እናቴ ታማ ስትድን በኔ ተስላለች፤ እስክመረቅ ሥጋ አልቀምስም» አልኩ። ስለት የማይገባው ሰው አገራችን የለም። ተቀበሉኝ፣ «ስለቱ» የሚል ስምም አወጡልኝ። እሑድ የሥጋ ወጥ ሲቀርብ «ስለቱ፣ ድርሻህን ዛሬ ለማን ታወርሳለህ?» እያሉ ይሻሙብኛል። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ አብሬ እስቃለሁ። ሳቄ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር።

የከበደኝ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪው ሁሉ ወደ ጫካው ወርዶ ለወጥ ቤቱ እንጨት ይሸከማል። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ወደ ሲስተሯ እሄዳለሁ። የታመመ ተማሪ የምታስታምም ፈረንጅ መነኩሲት ነበረች፤ እጆቿ ትልልቅ፣ አማርኛዋ እየተደናቀፈ የሚሄድ። በአራተኛው ቅዳሜ ግንባሬን ዳሰሰችና «ይህ ራስ ቀን ይቆጥራል?» አለችኝ። መድኃኒት አልሰጠችኝም። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አሳየችኝና «ተኛ። ፀሐይ ስትገባ ይሻልሃል» ብላ ሄደች። ሰንበት የሚወጣው ፀሐይ ስትገባ ነው። አውቃ ነው ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን አልጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ተነጥፎ ይጠብቀኝ ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ታደሰ የሚባል፣ የሸማኔ ልጅ። ሸማኔም እንደ ቀጥቃጭ ይታማል፤ እሱ ግን የማን ልጅ መሆኑን አይደብቅም። ሒሳብ ያስረዳኝ ነበር። አንድ ቀን እርሳስ ሲያቀብለኝ እጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠባሳዎች አየ። የብረት ብልጭታ ያቃጠለኝ ነው።

«ወናፍ ነፍተሃል» አለኝ ቀስ ብሎ።

እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩ።

«አትደንግጥ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ክር አስገባለሁ እንጂ ወሬ አላወጣም።» ሳቀና ወደ ሒሳቡ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ማሽላው እየታጨደ፣ ነፋሱ ገለባ ይዞ ሲዞር። ቅዳሜ ነው። ሲስተሯ በመኪና ወደ ገጠር ሕሙማን ልታይ ሄዳለች። እኔ በመስኮቱ ሥር ተኝቻለሁ። ከመኝታ ቤታችን በኩል የሚያስጨንቅ ጩኸት ሰማሁ። ደሳለኝ ነው፤ አልጋው ከኔ ቀጥሎ ነው፣ የባለርስት ልጅ፣ በሬ የሚያህል። ከእንጨት ሸክም ሲመለስ ሆዱን ይዞ ወድቋል።

ስሄድ ልጆቹ ከበውታል። ጌታሁን የሚባለው ትልቁ ተማሪ ቀንድ ፍም ላይ ጥሎ ጭሱን ወደ አፍንጫው ይገፋል። ቡዳ የበላው ሰው ጭሱ ሲገባው ይለፈልፋል፣ የበላውን ሰው ስም ይጠራል ይላሉ።

«ማን በላህ? ተናገር!» ይላል ጌታሁን።

ደሳለኝ ያቃስታል፣ ዐይኑ ይገለበጣል። ጌታሁን ቀና ሲል አየኝ።

«ስለቱ! አንተ የት ነበርክ? ዛሬ እንጨት ያልነካኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው የሚያምህ» አለ አንዱ ከኋላ። «ሥጋም አይበላም» አለ ሌላው። ሦስተኛው «የሰው ካልሆነ በቀር!» ሲል ጥቂቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እሱ ነው የባሰው፣ ሳቁ ሲቆም።

እጄን ወደ ጀርባዬ ወሰድኩ። አባቴ ሲጎተት ነጠላው በሽቦ አጥር ላይ ተቀዶ መቅረቱ ታየኝ። እዚህ ደግሞ አባት የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ ቤቴ የሁለት ቀን ተኩል መንገድ ነው።

ጌታሁን እንደ አልጋችን ቅደም ተከተል ስም መጥራት ጀመረ። ስም ይጠራል፣ የደሳለኝን ፊት ያያል። አንዱ ስም ሲጠራ ደሳለኝ ካቃሰተ፣ የበላው ባለስሙ ነው። ከበሩ ጀምሮ መጣ። አንዱ አለፈ። ሌላው አለፈ። ሕመሙ እየሄደ የሚመለስ ነበርና ደሳለኝ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ ይጮኻል። ከኔ ስም በፊት ሁለት ሰው ቀርቷል። ጩኸቱ የሚመለስበት ጊዜ እንደደረሰ ከአተነፋፈሱ አወቅኩ። አፌ ከኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«ታደሰን ጠይቁት! ምሳ ላይ ደሳለኝ ሲበላ ዐይኑን አልነቀለበትም!»

ልክ ያኔ ሕመሙ መጣ። ደሳለኝ ጮኸ፣ ልጆቹም ጮኹ።

ታደሰ የሆነውን አያውቅም። እንጨቱን እንደተሸከመ ከጫካ ሲመለስ በሩ ላይ ያዙት። «ትፋበት!» አሉት። አልገባውም። «ስለቱ ነው የነገረን፣ ምሳ ላይ ስታየው ነበር» አለው ጌታሁን። ያኔ ወደኔ ዞሮ አየኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ ሽፍታ አይቻለሁ፣ ወታደር አይቻለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «እጁን እዩት» ቢል አበቃልኝ።

አላለም። ጎንበስ ብሎ ደሳለኝ ላይ እንትፍ አለበት። ደሳለኝ ከሕመሙ ብዛት ራሱን ሳተና ዝም አለ። «ለቀቀው! ለቀቀው!» ብለው በገዛ እንጨቱ ታደሰን መቱት። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አየሁ።

ሲስተሯ ደርሳ በትልልቅ እጆቿ ገፈታትራቸው ገባች። ደሳለኝን ሆስፒታል አደረሰችው። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ቆርጠው አወጡለት፣ ተረፈ። ልጆቹ ግን «ሐኪሙ ቆረጠው እንጂ የለቀቀው ታደሰ ነው» አሉ። ታደሰ ለገና አገሩ ሄዶ በዚያው ቀረ። እኔም ዓመቱን አልጨረስኩም። አባቴ ለምን መጣህ ሲለኝ ራሴን ያመኛል አልኩት።

ትናንት ከብሎካችን ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ለሺራ ነገርኳት። እኔ ምክር አልችልም፤ የሆነውን ነው የማውቀው። ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ሰማችኝ።

«ልጅ ነበሩ እኮ፣ ሳባ። ይገድሉዎት ነበር» አለችኝ።

«ልክ ነሽ።»

ፍርሃቴን ማንም ይቅር ይለኛል፣ እኔም ራሴን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ይቅር ያላልኩት የታደሰ ስም ከአፌ ወጥቶ ልጆቹ ፊታቸውን ከኔ ሲያዞሩ የተሰማኝን ነው። ቀለለኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ይህንንም ነገርኳትና «አንቺ ቢያንስ ምግቡ አልወርድ ብሎሻል» አልኳት።

«ከዚያስ? በማግስቱ ምን አደረጉ?»

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፣ ነፍሷን ይማርና። ለሺራ ግን ነገርኳት።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ለቁርስ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ታደሰ ራሱን በጨርቅ ታስሮ መጥቶ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ብቻውን ተቀመጠ። ልጆቹ ዐይኑ እንዳያርፍበት ዳቧቸውን በእጃቸው ሸፍነው መብላት ጀመሩ። ከሱ አጠገብ ሰፊ ቦታ ነበር። እኔ ከጌታሁን ጎን ተቀመጥኩ፣ ዳቦዬን በእጄ ሸፈንኩ፣ በላሁ።