በአንድ ሳምንት የዳኑ አውቶቡሶች

አክስቴ በቆርቆሮው ላይ «ስኳር» የሚል ጽሑፍ ብታይም ጣቷን ነክራ ሳትቀምስ አታምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ጣቷን እየላሰች። አውቶቡስ ነጂው ባሏ፣ በሠርጋቸው ዕለት ቀለበቱን ነክሳ እንዳየችው ይምላል። እሷም አትክድም።

እንጀራዋ ግን ለነገር ስም መስጠት ነው። በአውቶቡስ ጋራዡ ጥግ፣ ከየአውቶቡሱ ጋር በገመድ በሚያያዝ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። መኪና ቃል አያውቅም፤ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። ከጎማው ጀርባ ስላለው የፍሬን ሸራ ዜሮ ሲልክ «ደህና»፣ አንድ ሲልክ «እያለቀ ነው»፣ ሁለት ሲልክ «ይቀየር» ተብሎ እንዲነበብ ቁጥሩን ከቃሉ ጋር የምታጋባው እሷ ናት። መካኒኮቹ ቃሉን አይተው ይሠራሉ።

አንድ ጊዜ ታማ ሳምንት ሙሉ ተኝታ ስትመለስ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አውቶቡስ ሁሉ «ደህና» ሆኖ ጠበቃት።

«ምን ተገኘ?»

«ደስ አይልዎትም እንዴ፣ እትዬ? እኛም እኮ አረፍን» አላት፣ ከችኮላው የተነሳ ነፋሱ የሚሉት የሥራ ባልደረባዋ።

«ያረጀ ሁሉ በአንድ ሳምንት ከዳነ፣ ወይ ተአምር ነው ወይ ተንኮል።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከነፋሱ ላይ አልነቀለችም። ጫማው አዲስ ነው። ስልክ ሲደወልለት ውጭ ወጥቶ ያወራል። ለቅያሪ የመጣውን ሸራ እየሸጠ ይሆን? ባሏ ደግሞ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሰው ጭኖ ያን ረጅም ቁልቁለት ሊወርድ ነው። ገመዱን በባሏ አውቶቡስ ላይ ሰካችና ቃሉን አጥፍታ ቁጥሩን ብቻ አየች።

ሰባት።

እሷ ለሰባት ስም ሰጥታ አታውቅም። የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር ከፈተች። ስም የሌለው ቁጥር ሲመጣ የሚነበበው ቃል እዚያ ነው ያለው። እሷ «ያልታወቀ» ብላው ነበር፤ አሁን «ደህና» ይላል።

«ይህን ማን ነካው?»

ነፋሱ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። እርስዎ ታመው ሳሉ አውቶቡሶቹ ላይ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ ስክሪኑን ‹ያልታወቀ› ሞላው። ሹፌሮቹ አንነዳም አሉ፤ አለቃ ጮኸብኝ። ያልታወቀ ነገር መጥፎ ነው ያለ የለም ብዬ ነው።»

«ደህና ነው ያለስ ማን አለ?» አለችና እግሩን እያየች፣ «ጫማውስ?»

«የምን ጫማ?»

«ተወው።»

ወጥታ የአውቶቡሱን በር ደበደበች።

«አንቺ ሴት፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው!» አለ ባሏ። «ስክሪንሽ ደህና ብሎኝ የለ?»

እጇን አስገብታ ቁልፉን ነቀለችና ኪሷ ከተተችው። «ውረድ። ጎማው ይፈታ።»

«እንደ ቀለበቴ ልትነክሺው ነው?»

መካኒኮቹ ሳቁ። ጎማው ሲፈታ ግን ሳቁ ቆመ። ሸራው ተበልቶ አልቆ፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ ከርሟል። ባሏ የተቦረቦረውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሰባት ልኮ «ደህና» የተባለ አውቶቡስ ሁሉ ከመንገድ ተጠራ። አዲሱ ፕሮግራም ያለቀ ሸራን ሰባት ብሎ ነበር የሚቆጥረው፤ የነገራቸው ግን አልነበረም። አክስቴ ለሰባት «ይቀየር» የሚል ስም ሰጠችው። በመጨረሻው መስመር ላይም «ያልታወቀ፤ ጎማው ተፈቶ ይታይ» ብላ ጻፈች።

አሁን ባሏ ከመነሳቱ በፊት መስኮቷ ጋ ይመጣል። ስክሪኑን አያይም።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» ይላታል።

«ዜሮ።»

አመስግኖ ይሄዳል። እሷ ግን እየቀለደባት እንዳይሆን፣ እስኪታጠፍ ድረስ ጀርባውን ታያለች።