የጭቃ መንጋጋና የትርንጎ ነጠላ

ሥራ የጀመርኩት አርብ ቀን ነው። አዲስ ኮት ለብሼ፣ ጠመኔ በኪሴ ይዤ አርብ ገበያ ትምህርት ቤት ስደርስ የሦስተኛ ክፍል ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ዲሬክተሩ ሳቁብኝ።

«በገበያ ቀን ማንን ልታስተምር ነው? ልጁ ሁሉ ገብስ የጫነ አህያ እየነዳ ካባቱ ጋር ወርዷል። አንተ ዛሬ ከድሬሰሩ ጋር ትውላለህ» አሉኝ።

ድሬሰር ማለት ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና ጥርስ መንቀል የተማረ የጤና ሠራተኛ ነው። ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪሙ እሱ ነው። የእኛ ድሬሰር አቶ መዝገቡ በወር አንድ አርብ በበቅሎ ይመጣሉ። በአንዱ ክፍል ውስጥ የላምባ ምድጃቸውን ለኩሰው መርፌና ጉጠት ይቀቅላሉ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ይነቅላሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጭነው በማግስቱ ጥርስ ወደሚነቅሉበት ወደ ወገዳ መንገድ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያውን ልጅ አባቱና ሁለት አጎቶቹ በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጡት። አቶ መዝገቡ ወደ እኔ ዞረው «አንተ አዲሱ፣ ጭንቅላቱን ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። «አይዞህ፣ አያምህም» አልኩት። ልጁ ጉጠቱ አፉ ውስጥ ሲገባ ጮኸ፣ ጥርሱ ሲወጣ የአቶ መዝገቡን አውራ ጣት ነከሰ፣ ሲለቁት ደግሞ እኔን ቀና ብሎ አይቶ «ውሸታም» ብሎኝ ሄደ። ሰኞ ክፍል ስገባ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አገኘሁት። አንድና አንድ ሁለት ነው ብዬ ብነግረውም የሚያምነኝ አይመስልም ነበር።

ነገሩን በሥርዓት አሰብኩት። በእኛ አገር በሕፃንነቱ እንጥሉን ያልተቆረጠ ልጅ ጥቂት ነው። የሚቆረጠውም እንዲሁ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እጅና እግሩ ተይዞ ነው። የራሱን ባያስታውስ የታናሹን አይቷል። ስለዚህ ጋቢ ሲዘረጋ ልጁ የሚታየው ያ ቀን ነው። መጀመሪያ መቅረት ያለበት ጋቢው ነው አልኩ።

ቀጥዬ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቼ መንጋጋ ሠራሁ፤ በጥርስ ፈንታ የባቄላ ፍሬ ደረደርኩበት። ጭቃው ሲደርቅ ባቄላውን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ልጁ ተራው እስኪደርስ ባቄላ ይነቅላል። ዝም ብሎ ቢስብ እንደማይወጣ፣ ወዲያና ወዲህ ካነቃነቀው ግን እንደሚለቅ በገዛ እጁ ያየዋል። ያኔ አቶ መዝገቡ ጉጠቱን ለምን እንደሚያነቃንቁ ይገባዋል።

«የመምህራን ማሠልጠኛ የገባኸው ባቄላ ልትነቅል ነው?» አሉኝ አቶ መዝገቡ መንጋጋውን ሲያዩ። በሚቀጥለው ወር ግን ለልጆቹ የሚሆን አሮጌ ጉጠት ይዘውልኝ መጡ።

«አያምም» ማለትንም ተውኩ። «መርፌው እንደ ሳማ ይለበልባል፤ ከዚያ ጉንጭህ ይደነዝዛል፤ ጉጠቱ ሲጫንህ ይሰማሃል» እላለሁ። በመጨረሻ «ከበዛብህ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጅህን አንሣ፤ ጋሼ መዝገቡ ያቆማሉ» እላለሁ።

አቶ መዝገቡ ይህን አልወደዱትም። «ሁሉም እጁን ሰቅሎ ከዋለ ጥርሱን መቼ ልነቅል ነው?»

«አንድ ቀን ይሞክሩት» አልኳቸው።

ሞከሩት። ማንሣት እንደሚችል የተነገረው ልጅ ብዙ ጊዜ እጁን ሳያነሣ ይጨርሳል። የማያነሣው ለምን እንደሆነ ለአቶ መዝገቡ ላስረዳቸው ስጀምር «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፤ ቀጣዩን ጥራ» አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። እኔም የልጅን ፍርሃት ያወቅሁ መሰለኝ።

ትርንጎ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ንባብ ላይ ድምፅዋ ከሁሉ ይሰማል። ያን ዕለት አርብ የወሩ ሚካኤል ነበር። ቀትር ካለፈ በኋላ ብቻዋን መጥታ በር ላይ ቆመች። አፏን እስከ አፍንጫዋ በነጠላ ሸፍናለች፤ ከነጠላው በላይ ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ገፍቶታል።

አባቷ አያ ዘለቀ ከገበያ መጡ። አህያቸውን ከአጥሩ ጋር አስረው ገቡና «የኔታ፣ እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ እዚህ ጠብቂኝ ብያት ነበር» አሉኝ። አስተማሪ ሁሉ ለእሳቸው የኔታ ነው፤ የታላቅ ልጃቸው እኩያ ብሆንም።

አቶ መዝገቡ መንጋጋዋን ከውጭ ዳሰሱ፤ ጣታቸውን እየጫኑ እስከ አንገቷ ወረዱ። «መግል ይዟል። ዛሬ መውጣት አለበት። ወደ አንገቷ ከወረደ ትንፋሽ ይከለክላታል፣ እኔም የዛሬ ወር ነው የምመለሰው» አሉ።

የጭቃውን መንጋጋ ሰጠኋት። ተቀመጠች፣ ባቄላውን አነቃንቃ ነቀለች፣ ሌላም ነቀለች። እጇ አይንቀጠቀጥም። መርፌውን አሳየኋት፤ አየችው። የእጅ ማንሣቱን ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ አፍሽን ክፈቺ» ስላት ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨበጠች።

አዲስ ባቄላ ተከልኩላት። ተረት ነገርኳት። የእኔን አፍ ከፍቼ አሳየኋት። ጉጠቱን በራሷ እጅ አስያዝኳት። ያለኝን ዘዴ ሁሉ ጨረስኩ። በውጭ የአቶ መዝገቡ በቅሎ ተጭና ትጠብቃለች።

«ይቺስ እንደ ግንብ ዘግታዋለች» አሉ አቶ መዝገቡ። «መምህር፣ ጋቢው ይምጣ መሰለኝ።»

አያ ዘለቀ አልጠበቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው ከኋላዋ ዞሩ፣ እጆቿን ያዙና ነጠላዋን ወደ ታች ሳቡት። ትርንጎ አልጮኸችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ አፏን ገጥማ፣ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ብቻ ወረደ። ጥርስ የሚያስነቅል ልጅ ሲያለቅስ ብዙ አይቻለሁ፤ አፉን ገጥሞ የሚያለቅስ ግን አላየሁም።

«አያ ዘለቀ፣ እባክዎ አንዴ ይልቀቋት» አልኩ። ፊቷ ተንበረከክሁ። «ትርንጎ፣ አትናገሪ። ራስሽን ነቅንቀሽ ወይም ወዝውዘሽ ብቻ መልሽልኝ። መርፌውን ፈርተሽ ነው?»

ራሷን ወዝውዛ አይደለም አለች።

«ጉጠቱን?»

አይደለም።

«ጋሼ መዝገቡን?»

አቶ መዝገቡን ቀና ብላ አየቻቸው። አይደለም።

ዓይኔ መሬት የወደቀው ነጠላ ላይ አረፈ። አርብ ነው፤ ቅዳሴ የሚወጣው ቀትር ላይ ነው። «ዛሬ ቆርበሻል?»

ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።

የቆረበ ሰው እስከ ማግስቱ አይተፋም፣ ደም ከአካሉ እንዲፈስ አያደርግም፣ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። ይህን እኔም ከልጅነቴ አውቃለሁ። እሷ ግን ነጠላዋን ተሸፍና ፊቴ ስትቀመጥ እኔ ያየሁት የሚፈራ ልጅ ብቻ ነበር። ጉንጯ እንዲሻላት ብላ ያስቆረበቻት አክስቷ መሆኗን በኋላ ሰማን፤ «እስከ ነገ አፍሽን እንዳትገልጪ» ብላ አስጠንቅቃታለች። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ስለነበሩ አላወቁም።

አያ ዘለቀ ነጠላውን ከመሬት አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ፣ በቀስታ መልሰው አፏን ሸፈኑላት።

«ጌታዬ፣ ይነቀልላት» አሉ አቶ መዝገቡን። «ኃጢአቱን እኔ ልሸከም። ልጄ ታንቃ ከምትሞትብኝ።»

ትርንጎ የአባቷን እጅ ይዛ ራሷን ወዘወዘች።

አቶ መዝገቡ ጉጠቱን አስቀመጡ። እንደገና አንገቷን ዳሰሱ፣ እያስተነፈሱ አዳመጡ። «እስከ ነገ ጠዋት ትቆያለች። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ሰዓት አልጨምርም። ይህን ክኒን ትዋጥ፤ ክኒን አይተፋም።» ወደ እኔ ዞረው «ሂድ በቅሎዬን አራግፍ። የወገዳ ጥርስ አንድ ቀን ይታገሥ» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ እኔና አቶ መዝገቡ በር ላይ ቆመን መንገዱን እናያለን። ምድጃውን እሳቸው ከእኔ በፊት ለኩሰዋል። አያ ዘለቀ ልጃቸውን በአህያ አስቀምጠው መጡ። እብጠቱ ከትናንቱ ብሷል፤ ወደ አንገቷ ግን አልወረደም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«እንደምን አደራችሁ» አለች፣ ባበጠ አፏ። ተቀመጠችና «ጋሼ፣ እጄን ካነሣሁ ጋሼ መዝገቡ እውነት ያቆማሉ?» አለችኝ።

«ያቆማሉ።»

አፏን ከፈተች። መርፌው ሲገባ የአባቷን ጣት ጨበጠች። ጉጠቱ ጥርሱን ይዞ መነቃነቅ ሲጀምር እጇን አነሣች። አቶ መዝገቡ ወዲያው ቆሙ፤ ጉጠቱም፣ እጃቸውም፣ ትንፋሻቸውም ቆመ። ትርንጎ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን መልሳ አወረደች። ጥርሱ ወጣ። መግሉና ደሙ ተከተለ፤ ሳፋው ላይ ደጋግማ ተፋች።

«ምነው፣ በጣም አመመሽ?» አሏት አባቷ ጉንጯ በጥጥ ከታሸገ በኋላ።

«አይ» አለች። «መቆማቸውን ልይ ብዬ ነው።»

አቶ መዝገቡ በቅሏቸው ላይ ሲወጡም ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጭቃውን መንጋጋ ከማውጣቴ በፊት ልጁን ከየት እንደመጣና ምን ሲያደርግ እንዳረፈደ እጠይቀዋለሁ። ከእኔ በኋላ ይህን ሥራ ለሚይዙ መምህራን የምለው ይኸው ነው። አፉን የዘጋ ልጅ ሁሉ የፈራ አይደለም። ማረጋጋት ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደያዘው ጠይቁት፤ አፉን ሳይከፍት ሊመልስላችሁ በሚችለው መንገድ ጠይቁት።