ሰማንያ አንደኛው ዓይን

ፔንግ ቹንያው የሞተ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በእጁ ይዞ አያውቅም ነበር። የሱ ሥራ ቦርዱ ሳይወለድ ነው። ሺንቹ ከተማ ውስጥ፣ ነፋሱ የቆመ ሞተር ሳይክል በሚጥልበት መንገድ ዳር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ገና ባልተሠራ ቦርድ ላይ ሲግናል ይሰድዳል። ከዚህኛው ቺፕ ተነስቶ እዚያኛው ቺፕ በሰላም የገባ ሲግናል ስክሪኑ ላይ እንደ ተከፈተ ዓይን ይታያል፤ መንገድ ላይ የቀረው ይጨፈናል። የሰውየው ዕድሜ ዓይን ሲያይ አለቀ ብትሉ አልዋሻችሁም።

ታዲያ ፋብሪካ የሚባለው ጉድ ሁለት እኩል ቦርድ ሠርቶ አያውቅም። አንዱ በፀጉር ስንጣሪ ይሳሳል፣ ሌላው ይወፍራል። ቺፑም አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ አለ፣ የኤሌክትሪኩ ከፍና ዝቅ ማለት አለ። ፔንግ አራቱንም በሦስት በሦስት ደረጃ እያቀያየረ ሰማንያ አንድ ጊዜ ይሞክራል። አዲስ ገቢዎች መካከለኛውን ብቻ ሞክረው ሲነሱ፣ መካከለኛ ቦርድ የደረሰው ሰው አሳዩኝና እኔም ቤቴ ልግባ ይላቸዋል።

መጋቢት ላይ የሆስፒታል መተንፈሻ መሣሪያ ቦርድ መጣለት። ሰማንያው ዓይን ተከፈተ። ቀጭን ቦርድ፣ ዘገምተኛ ቺፕ፣ ከባድ ሙቀትና ዝቅ ያለ ኤሌክትሪክ አንድ ላይ የገጠሙበት ሰማንያ አንደኛው ግን ተጨፈነ።

የክፍሉ ኃላፊ ቱንግ በስምንት ዓመት ያንሰዋል። ማስተካከያው ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ደንበኛው ደግሞ ሦስት ቀን አይታገስም።

"ጋሼ ፔንግ፣ አራት መዓት ባንድ ቀን አንድ ቤት የሚገባው የት አገር ነው?"

"የት እንደሆነማ ባውቅ እዚያ እንዳትልኩት እነግርህ ነበር።"

ቱንግ ሳቀና ከመቃብር ጽዳት በዓል በኋላ እንነጋገራለን አለው።

እዚያ መሥሪያ ቤት ፊርማ ማለት ማኅተም ነው። ሠራተኛው ሁሉ ስሙ የተቀረጸበትን ጣት የምታህል ማኅተም ጸሐፊዋ ሱዪንግ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወረቀት በመጣ ቁጥር እሷ ቀይ ቀለም አስነክታ ታትምለታለች። ከቀንድ የተሠራችው የፔንግ ማኅተም እዚያ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ በሌለበት እንዳይታተምበት ሰግቶ፣ ሄዶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ፤ መሳቢያውን እንድትከፍትለት ጠየቃት።

"ሊወስዷት ነው እንዴ? ምነው ጋሼ፣ እኔን ሌባ አደረጉኝ?" አለች ሱዪንግ። እየሳቀች ነው፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። እዚያ ቤት ማኅተሙን ከመሳቢያ ያወጣ ሰው ባልደረቦቹን ሁሉ ፊት ለፊት የሰደበ ያህል ነው።

ፔንግ አፈረ። መኖሯን ላይ ብዬ ነው አለና ወጣ። በማግስቱ የአባቱን መቃብር አረም ሲነቅል ዋለ።

ሲመለስ የቦርዱ ማረጋገጫ ወረቀት ወደ ፋብሪካው ሄዷል። ሰማንያ አንደኛው "በተግባር የማይጠበቅ" ተብሎ፣ ከሥሩ የሱ ስም በቀይ ታትሟል። ፋብሪካው ሥራ ለመጀመር ገና ዐሥር ቀን ነበረው። ፔንግ አፉን ቢከፍት ጣቱ የሚቀሰረው ያተመችው ሱዪንግ ላይ እንደሆነ አሰበ። ነገ እናገራለሁ አለ። ነገም ነገ አለ። ዐሥሩ ቀን አለቀ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት አውሎ ነፋስ ደቡቡን መታ። ፒንግቱንግ ውስጥ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ሦስት ቀን መብራት አጣ። የአየር ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ጄኔሬተሩ ደከመ። ሆንግ የሚባሉ፣ ዓሣ ሲያረቡ የኖሩ መበለት የሚተነፍሱበት መሣሪያ ስክሪኑ እንደ ደረቀ ቀረ። ነርሷ አርባ ደቂቃ ሙሉ በእጇ አየር ጨመቀችላቸው። አልሆነም።

ቦርዱ ተነቅሎ ሺንቹ መጣ። የለካው ፔንግ ራሱ ነው። ቀጭን ነበር። ቺፑም ዘገምተኛ።

መርማሪዎች መጥተው የክፍሉን ሰዎች ሰብስበው ወረቀቱን ዘረጉት። ቱንግ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ሱዪንግ በሩ ሥር እጇን አጣምራ ቆማለች። ማን እንዳተመው ተጠየቀ።

"ማኅተሙ የኔ ነው" አለ ፔንግ።

መርማሪው፣ የጠየቅሁት ስላተመው እጅ ነው አለ።

"የኔ ነው አልኩ እኮ። ዓይኑ ሲጨፈን ያየሁትም እኔ ነኝ፤ ዐሥር ቀን ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ። ሱዪንግ ማኅተሙን በሶፍት ጠቅልላ ቤቱ ድረስ አመጣችለት፤ ግቢ ቢላት አልገባችም። ፔንግ ትንሿን ማኅተም በጥርስ ብሩሽ አጠባት፤ ቀዩ ቀለም ከስሙ ስንጥቆች ውስጥ አልወጣ አለ።

አንድ ጠዋት ፖስተኛው ከደጅ ተጣራ። የአደራ ደብዳቤ ነው፣ ከፍርድ ቤት፤ ለመረከቢያው ማኅተምዎን ይዘው ይውጡ አለው። ፔንግ ይዞ ወጣ። መሳቢያው ውስጥ ካስቀመጣት ወዲህ በገዛ እጁ ሲያትም የመጀመሪያው ነበር። ስሙ ተጣሞ ወጣ።

ፖስተኛው አየት አደረገና፣ ግድ የለም፣ ይነበባል አለው።