ዳማከሴ ሻጯ

ወረታ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችረው ውባንቺ፣ አጠገቧ ዳማከሴ የምትሸጠውን ሴት ስም እስካሁን አታውቅም። ሴትዮዋ የነተበ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ትመጣና ቅጠሉን እርጥብ ጆንያ ላይ በየእስሩ ትደረድራለች። ሌላው ሰው ዳማከሴ ሲያገኝ አሸት አድርጎ ሳያሸት አያልፍም። እሷ ግን አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነው የምትሸጠው። ውባንቺ መጀመሪያ ጉንፋን መስሏት ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ቢገባም ነጠላው አልወረደም።

ደግሞ ጥያቄዋ! የመጣውን ሁሉ ሳትመረምር አትሸጥም፤ ከሸጠችለት ይልቅ የከለከለችው ይበዛል። «እንዲህ ከሆነስ ለምን ትመጣለች?» ትላለች ውባንቺ በሆዷ።

ዛሬ ከቁሐር ሚካኤል የመጣች እናት፣ «ልጄን ምች መታብኝ፤ ጨምቄ ላጠጣት ነው» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ያንቀጠቅጣታል?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ከትናንት ወዲያ አንቀጥቅጧት ለቀቃት፤ ዛሬ ደግሞ ጀመራት።»

ሴትዮዋ ያነሳችውን እስር መልሳ ጆንያው ላይ አኖረችው።

«ወባ ነው፣ እህቴ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

«ኧረ ምች ነው! ሩዝ ስታጭድ ፀሐይ ላይ ውላ ነው እኮ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ዝቅ አደረገች። ውባንቺ ሙሉ ፊቷን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የኔዋንም ምች ነው ብዬ፣ እጄ ላይ እስክታልፍ ይህንኑ ቅጠል ስጨምቅላት ነበር» አለች።