ቀይ አፈር የማያታልለው መሣሪያ

ደረሰ መልካሙ ፍኖተ ሰላም ላይ በር የሚበይድ ሰው ነው። በሥራው አይታማም፤ ሐሜቱ የሚከተለው ከትውልድ መንደሩ ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ካለችው ከዚያች መንደር ሰው ሲመጣ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ የተበየደውን በር ይዳስስና፣ "እናንተ ቤት ደግሞ ብረት መቼ ጠፍቶ!" ብሎ ይስቃል። ደረሰም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

ነገሩ የቆየ ነው። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር፣ ወታደሩ ሲበተን፣ የመንደሩ የገብርኤል ደወልና ትልቁ የነሐስ መስቀል ድራሻቸው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ የደረሰ አባት፣ አያ መልካሙ ነበሩ። ብቸኛው የደብሩ ቄስ መምሬ እጅጉ በዚያ ሰሞን ለጠበል ግሽ ዓባይ ወርደው ነበር ይባላል። ወታደር ወሰደው ያለ አልጠፋም፤ ግን ወታደሩን ማን ያውቀዋል? አያ መልካሙን ሁሉም ያውቃቸዋል። በሬ ሸጠው ቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያለብሱ ሰዉ ቤቱን "ደወል ቤት" አለው። የበሬውን መሸጥ በዓይኑ ያየው ሰው እንኳ ረሳው። የደረሰን እኅት እናኑን ያጩ ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቀሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን አያ መልካሙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ደረሰን የሚያንገበግበው ከሐሜቱ ይልቅ ይህ ዝምታቸው ነበር።

ካቻምና አያ መልካሙ በጠና ታመው አልጋ ያዙ። ዛሬ ደብሩን የሚያገለግሉት ወጣቱ ቄስ ባምላኩ ለንስሐ ተጠርተው ገቡ፤ በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆዩ። እሳቸው ሲወጡ አያ መልካሙ ልጆቻቸውን ጠሩ።

"የቀበርሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ወታደር እንዳይወስደው ቀበርሁት። ቦታውን እንዳልናገር ተገዝቼ ነበር። ዛሬ ተፈታሁ።"

ግዝት ምን እንደሆነ በዚያ አገር ማንም አይጠይቅም፤ ካህን በእግዚአብሔር ስም ያሰረውን አንደበት ካህን ካልፈታው አይፈታም። ደረሰ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቱ ሌባ አይደሉም፤ ያን ሁሉ ዘመን የታሰሩ ሰው ናቸው።

እግዜር ረድቷቸው አያ መልካሙ ተሻላቸውና ከዘራቸውን ይዘው ቦታውን ለማሳየት ወጡ። ግን የቱን ያሳዩ? ምልክት ያደረጓት ዋንዛ ከሥሯ ተነቅላለች። ሜዳው ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ ተቆርጦ፣ ደግሞ ተተክሎበት ሌላ አገር መስሏል። እዚህ ነው ሲሉ ተቆፈረ፤ የለም። ወዲያ ነው ሲሉ ተቆፈረ፤ የለም። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ባዬ አካፋውን ተደግፎ፣ "አያ መልካሙ፣ ምነው እኛን ከሚያደክሙን ገበያውን ቢያሳዩን?" አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ደረሰ ደሙ ፈላ። "ብረት መፈለጊያ መሣሪያ አመጣለሁ። ያኔ የሚስቅ ካለ እናያለን!" አለና ፍኖተ ሰላም ተመለሰ።

ወዳጁ ሙንዲር የውኃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው። ወርቅ ፍለጋ ወደ ቆላ ለሚወርዱ ሰዎችም መፈለጊያ መሣሪያ ያከራያል። ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አንዱን፣ ጫፉ ላይ እንደ ሰሐን ክብ ነገር ያለበትን፣ አወረደ።

"ይኼ ትንሹ ነው፤ እስከ ክንድ ጥልቀት ቢያይ ነው። ሳንቲምና ሚስማር ይይዛል። ግን የእናንተ አገር አፈር ቀይ ነው፣ አፈሩ ራሱ ብረት አለበት፤ ሜዳውን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል።"

ቀጥሎ በረዥም ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ሳጥን የተገጠመበትን አሳየው። ይህኛው ሚስማሩን ንቆ ትልቁን ብረት ከጥልቅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ባዶ ጉድጓድን ከብረት ለይቶ አይናገርም። ሁለት አንቴና ብቻ ያለውን ደረሰ ራሱ አነሳው።

"ተወው" አለ ሙንዲር እየሳቀ። "ከኪሎ ሜትር ያያል ይላል ካርቶኑ። እስካሁን ያገኘው ግን ገዢውን ብቻ ነው።"

"አባቴ ጉድጓዱን ውስጡን በድንጋይ ገንብተው፣ በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው የከደኑት። ብረቱንም ባዶነቱንም የሚያይ እፈልጋለሁ።"

ሙንዲር ከሱቁ ጀርባ ስክሪን ያለውን አመጣ። መጋዘኑ ኋላ ድሮ የተቀበረ የናፍጣ በርሜል አለ፤ እዚያ ላይ ሲያልፉ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። በሳንቃ ተከድኖ አፈር የለበሰ አሮጌ የውኃ ጉድጓድም አለ፤ እዚያ ላይ ሰማያዊ ሆነ። ቀይ አፈር ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለውም፤ ሲጀመር ከአፈሩ ጋር ያስማሙታል። የደረሰ ልብ በደስታ ዘለለች።

ሙንዲር ግን መሣሪያውን ሲያስረክበው ትንሽ አመነታ። "ስማኝ ወንድሜ፤ ትንሹን ውሰድ፣ በነፃ ላውስህ። እሱ ቢያጣ አፈሩን ታማለህ። ይኼኛው ካጣ ግን የምታማው የለህም።"

"አባቴን ነው የምትጠረጥረው?"

"አላህ ይጠብቀኝ! እንዲያው ነው ያልሁት።"

ደረሰ ተቀይሞ ስክሪን ያለውን ይዞ ወጣ።

ሰበካ ጉባኤው የቁፋሮውን ፈቃድ ጨርሶ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ደረሰ የዋዛ ሰው አይደለምና በመጀመሪያ ባዬን ራሱን አንድ መዶሻ እንዲቀብር አደረገው። የት እንደቀበረው ሳያይ ሄዶ በስክሪኑ አገኘው። አንዳንዱ አጨበጨበ። ደረሰ አፉን ሞልቶ፣ "አያችሁ? ይህ መሣሪያ አይዋሽም! እንደ ሰው አይደለም" አለ። ይህችን ቃል ምን አስለፈለፈው? በኋላ ስንት ጊዜ ምላሱን ረግሟል።

አያ መልካሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት ፈክቷል። ደረሰ መስመር በመስመር ሄደ። ከጅረቱ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ፣ ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ቅርጽ ወጣ። ሰማያዊ ነበር።

ዞሮ ደገመው። ሰማያዊ። ከጎን መጣ። ሰማያዊ። ቀይ ጠብታ እንኳ የለበትም። ከሁሉ በፊት ያወቀው እሱ ነበር። "የለም፣ እንሂድ" ለማለት አሰበ። ግን ባዬ ከትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ "ቆፍሩ!" ብሎ ጮኾ ነበር።

ድንጋዩ ወጣ፤ ልክ አያ መልካሙ እንዳሉት፣ ሰፊና ጠፍጣፋ። አራት ጎረምሶች በዲጂኖ እየፈነቀሉ፣ እያቃሰቱ አነሱት። ከሥሩ በድንጋይ የተገነባ ደረቅ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ መስቀሉ ተጠቅልሎበት የነበረው አቡጀዲ ብቻ ተቀምጧል፤ በጥንቃቄ ታጥፏል። ቄስ ባምላኩ አዩትና አንገታቸውን ደፉ። የንስሐ ነገር ነውና አንደበታቸው ተይዟል።

"እንግዲህ ጉድጓዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው" አለ ባዬ። የሳቀ አልነበረም። ሳቁ ይሻል ነበር።

አያ መልካሙ ወደ ጉድጓዱ አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ደረሰ ተከትሎ ገባ።

"አባዬ፣ ያን ድንጋይ አራት ጎረምሳ ነው ያነሣው። እርስዎ ብቻዎን አልከደኑትም። ማን ነበር አብሮዎት?"

"ግዝቱ ሁለት ነበር" አሉ አያ መልካሙ። "ቦታውን እንዳልናገር፤ አብሮኝ የነበረውንም ስሙን እንዳልጠራ። ለቄስ ባምላኩ የመጀመሪያውን ብቻ ተናዘዝሁ። ሁለተኛውን ለማስፈታት ራሱ ስሙን መጥራት ሊሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።"

"አሁን ያስፈቱት! እሳቸው እዚሁ አሉ!"

አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን ብዬ? ባዶ ጉድጓድ ከታየ በኋላ የሙት ስም ልጥራ?"

ደረሰ ክው አለ። በዚያን ጊዜ በዚያ ደብር ሰው መገዘት የሚችል ካህን አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቱ የነፍስ አባት። መቃብራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አጠገብ ነው፤ የሚሳለመው ሁሉ ተሳልሞት ያልፋል። የደወል ቤት ልጅ ተነሥቶ መምሬ እጅጉ ግሽ ዓባይ አልነበሩም፣ ዕቃውንም ያወጡት እሳቸው ናቸው ቢል ማን ያምነዋል? በድንጋይ ይወግሩታል።

አያ መልካሙ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የተጎዱት በሕዝቡ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን ስድቡን የቻሉት ጉድጓዱ ውስጥ ዕቃው አለ ብለው ነበር፤ ከሐሜተኛው ሁሉ በላይ የሚያምኑት ሰው ነበራቸው።

"ልጄ" አሉ በቀስታ፣ "ቀይ አፈር ነው እኮ። ያ መሣሪያ አፈሩ አሳስቶት ይሆን? ሌላ ጉድጓድ ይኖር ይሆን?"

አይዋሽም ብሎ በሕዝብ ፊት የመሰከረለት ደረሰ ራሱ ነው።

በማግስቱ መሣሪያውን ሊመልስ ሙንዲር ሱቅ ገባ። ሙንዲር ፊቱን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሠራልህ?"

"በደንብ ሠራ" አለ ደረሰ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትንሹን መሣሪያ ዓይኑን ተክሎ እያየ የፓምፕ ካርቶን ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።